የጋሽ ከሊፋ አርባ ፋኖሶች

ጋሽ ከሊፋን በደንብ አውቃቸዋለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ነገሌ ቦረና ውስጥ ከሱቃቸው ጀርባ ተከራይቼ ሦስት ዓመት ስኖር፣ ጠዋት «አካም፣ ናጋ?» ከመባባል ያለፈ ብዙ አላወራንም። የምጽፈው አብሬያቸው ከዋልኩበት አንድ ቀንና ጎረቤት ከነገረኝ ነው፤ የተሳሳተ ነገር ካለበት ጥፋቱ የእኔ ነው።

ጋሽ ከሊፋ ከዘይት ቆርቆሮ ፋኖስ ይሠራሉ። ቆርቆሮው እንዳይጨመደድ ውስጡን በእርጥብ አሸዋ ይጠቀጥቁና ላዩን በሚስማር ይበሱታል። በ1995 ዓ.ም. ነፋስ የሚከልል አዲስ ቆብ አወጡ፤ ቀዳዳዎቹ የግራር ቅጠል ቅርጽ አላቸው። ሲበራ ቅጠሎቹ ግድግዳው ላይ ይረግፋሉ። አርባ ሠሩ፤ በሁለት ገበያ አለቀ።

ጥፋቱ ከሥር ነበር። የላምባውን መያዣ የሚያጣብቁበት እርሳስ አልቆባቸው፣ ከአሮጌ የመኪና ባትሪ ያወጡትን አቅልጠው ተጠቀሙ። ቀዝቃዛ ሲሆን ውኃ አያሳልፍም። ሲሞቅ ግን ይለቃል። በወሩ አንዱ ለቀቀና ሃይሚ የምትባል የስምንት ዓመት ልጅ ተቃጠለች።

ከዚያ በኋላ የሚሠሩት ለለውጥ ብቻ ሆነ። ደህናውን ይሰጣሉ፣ አደገኛውን ይወስዳሉ። ፊልቱ ገበያ በአይሱዙ አብሬያቸው የሄድኩት በዓመቱ ነው። ቀድሪያ የምትባል ሻይ ሻጭ አንዱን ከዳሷ ምሰሶ ላይ ሰቅላዋለች።

«አባ ከሊፋ፣ ሰው አዲስ ይሸጣል፣ እርስዎ አሮጌ ይለምናሉ!»

«ልጄ፣ ቤት ያቃጥላል። ይኸው፣ ይህን ውሰጂ።»

«ይሄማ ራቁቱን ነው! የእኔ ቅጠል አለው። ልጆቼ እሱን እያዩ ነው የሚተኙት። ደግሞ አንድ ጠብታ አልወጣውም። ውኃ ይሙሉበትና ይዩት!»

ሞሉት። አልፈሰሰም። ሻይ ጠጪው ሁሉ ሳቀ።

«እንግዲያው እሳትሽ ላይ ላሙቀው።»

«ይንኩትና ኡኡ እላለሁ! ባያምር ኖሮ መቼ ይመለሱበት ነበር? ቀንተውብኝ ነው!»

ጋሽ ከሊፋ ፋኖሱን መሬት ላይ አስቀመጡት። ለመሄድ የተነሡ መስሎኝ ነበር። በሁለት እግራቸው ወጡበት። ቀድሪያ ጮኸች፤ አንድ ሰው ደረታቸውን ገፍቶ ጣላቸው። አፈራቸውን ሳያራግፉ ተነሡ፣ አዲሱን ፋኖስ ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩና የተጨፈለቀውን ታቅፈው ወጡ። እኔም ተከተልኳቸው።

መኪናው ላይ ሆነን ሠላሳ ሁለተኛው እንደሆነ ነገሩኝ። ስምንት ቀሩ። ምናልባት ያቤሎ፣ ምናልባትም ከሞያሌ ወዲያ ተሻግረዋል።

«ስምንቱ ባይገኙስ?» አልኳቸው።

«እሱን አትጠይቀኝ» አሉ።