የተማረው እጄና የእኅቴ በር

ታላቅ እኅቴ ሞጣ ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። እኔ ቢቸና ነኝ፤ ጡረታ የወጣሁ መምህር፣ በአፌ ቤት የምሠራ፣ በእጄ ግን የበርጩማ እግር እንኳ አስተካክዬ የማላውቅ ሽማግሌ። በልጅነቴ ቅኔ ቤት ስለገባሁ በቤታችን ወግ እንጨትና ጭቃ አልነካም ነበር። እንጨቱን የምትፈልጠው፣ ግድግዳውን የምትመርገው እሷ ናት። «የሱ እጅ ለቀለም ነው» ትላለች። ይኸው ሰባ ዓመት አለፈኝ፤ ቅኔው ከራሴ ከጠፋ ቆየ፤ እጄ ግን አሁንም ተማሪ ነኝ ይላል።

የእኅቴ በር ከተበላሸ ሦስት ዓመቱ ነው። የላይኛው ማጠፊያ ለቆ መሬት ይጎትታል። ማታ ከውስጥ ድንጋይ ታስደግፈዋለች፤ ከውጭ ግን ጓጉንቸሩ ከቀለበቱ ጋር አይገናኝም። በሄድኩ ቁጥር በሩን በጣቴ መታ፣ መታ አድርጌ እመረምርና «ይሄ አናጢ ይፈልጋል» ብዬ እበይናለሁ። እንደ ትልቅ ሐኪም እራት ይቀርብልኛል። በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ወደ ቢቸና።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ሄድኩ። እሑድ ጠዋት ጋቢዬን ደርቤ «እትዬ፣ ተነሺ እንጂ፣ ቅዳሴ ሊገባ ነው» አልኳት።

«አንተ ሂድ። እኔ ቤት እጠብቃለሁ።»

እርጅና ነው ብዬ ሄድኩ። ከቅዳሴ ስንወጣ የንስሐ አባቷ ያዙኝ።

«እኅትዎ ታመዋል እንዴ? ድሮ ከኛም ቀድመው ነበር የሚገቡት። እነሆ ዓመት ሊሆን ነው፣ ዓይናቸውንም አላየን።»

ቤት ስገባ ሽንኩርት እየላጠች አገኘኋት፤ ጠየቅኳት።

«በሩ አይቆለፍማ! አምና ኪዳን አደርሳለሁ ብዬ ብወጣ ሌቦች ብርድ ልብሴንና ድስቴን ወስደው ጠበቁኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምኑን ልንገርህ? በየዓመቱ ትመረምረው የለ እንዴ!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ ለጊዜው የተከፈተው ግን በሩ ብቻ ነበር።

ሰኞ ያነጋገርኩት አናጢ ከሁለት ሳምንት በኋላ ና አለኝ። እኔም በእልህ ከጎረቤት መዶሻ ተዋስኩ፣ ከሱቅ ረጃጅም ምስማር ገዛሁ። የመጀመሪያው ምስማር ተጣመመ። ሁለተኛውን ስቼ አውራ ጣቴን መታሁ።

«የኔታ፣ ምስማሩ እኮ ወደ ግራ ነው» አለች በርጩማዋ ላይ ሆና።

ሦስተኛው ገባና ወዲያው ተመልሶ ወጣ። ያን ጊዜ ተነሥታ ከሣጥኗ ኋላ የወይራ ስንጣሪ አመጣች፤ በቢላዋ የተጠረበ፣ ጫፉ የሾለ፣ ልክ በማጠፊያው የምስማር ቀዳዳ መጠን።

«ቀዳዳው ሰፍቷል። መጀመሪያ ይሄን ክተትበት፤ ምስማሩ እሱን ይይዛል።»

«መቼ ጠረብሽው?»

«ማጠፊያው የለቀቀ ሰሞን።»

«ታዲያ ለምን አልሠራሽውም?»

«በሩ ከባድ ነው። ምስማሩን እስክመታ ቀና አድርጎ የሚይዝልኝ አጣሁ።»

«ጎረቤትስ?»

«ወንድም እያለኝ ጎረቤት ልለምን? ሰዉ ምን ይልሃል?»

«እኔንስ ብትጠይቂኝ?»

«አንተማ እጅህ ለቀለም ነው» አለች። እየቀለደች አልነበረም።

ሦስት ዓመት ሙሉ ከእኔ የተፈለገው ትከሻ ብቻ ኖሯል! በሩን ተሸክሜ ያዝኩ፤ መዶሻውን እሷ ተቀበለችኝና ስንጣሪውን ሰክታ፣ ምስማሩን በአራት ምት ጨረሰችው። እኔ ያለከለክሁትን ያህል እንኳ እሷ አልተነፈሰችም። ሰዎች ቤትን በራስ እጅ መጠገን ገንዘብ ያተርፋል ይላሉ፤ ይሁን። እኔ የማውቀው አናጢው ቢመጣ ኖሮ በሩ ይሠራ እንደነበር፣ እኔም ይህን ሁሉ ሳልሰማ እሞት እንደነበር ነው።

በማግስቱ ማርያም ነበረች። እኅቴ ገና ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ ጓጉንቸሩን ቆለፈች፤ ሁለት ጊዜ ጎትታ አየችው፤ ቁልፉን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች። መንገዱን ሁሉ ከፊቴ ነበረች፤ እኔ ከኋላ እየሮጥኩ።

የንስሐ አባቷ ከቅዳሴ በኋላ ሲያይዋት ፊታቸው በራ። እሷም ሰዉ ሁሉ እየሰማ «በሩን ወንድሜ ሠራልኝ፣ አባ» አለቻቸው።

«እግዚአብሔር ይስጥዎ!» አሉኝ መስቀላቸውን እያሳለሙኝ።

«አሜን» አልኩ። እውነቱን ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ ግን ቀና ብላ ስታየኝ እንደገና «አሜን» አልኩ።