ውርጭ ነው ያልኩ ዕለት

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ባሌ፣ አፈሩን ገለባ ያድርግለትና፣ ሳይሰማው ሄደ። ለንስሐ አባቴም አልተናዘዝኩትም። እሳቸው ይጠይቁኛል፤ እኔም ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ የገደፍኩትን ጾም እየዘረዘርኩ አቀርብና ይህችን ከምላሴ ሥር አስቀራታለሁ። ብናዘዛት ስግደት ያዙኛል። እሰግዳለሁ፣ ጉልበቴን ያመኛል፣ ከዚያም ቀለል ይለኛል። እኔ ደግሞ እንዲቀለኝ አልፈልግም። መሬቱ ሳይድን እኔ የምድነው በምን ሒሳብ ነው? ስለዚህ ለእናንተ ልናገር። እናንተ ስግደት አታዙኝም፤ ቢያንስ ትፈርዱብኛላችሁ።

አስካለ እባላለሁ። ደባርቅ ነው የምኖረው። ዕድሜዬን የጨረስኩት በግብርና ባለሙያነት የዳባትንና የደባርቅን ገጠር በእግሬ ስዞር ነው። ጡረታ ስወጣ የግብርና አማካሪነት የብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አወጣሁ። እንዲህ በዋዛ የሚገኝ እንዳይመስላችሁ። በሙያው ዲግሪ ይጠይቃል፣ የዓመታት የመስክ ልምድ ይጠይቃል፣ የጽሑፍም የተግባርም ፈተና አለው፣ በመጨረሻም ቃል ያስገባል። ከፈተናው ጥያቄዎች አንዱ “ፈቃድን ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት ይቻላል ወይ?” የሚል ነበር። አይቻልም ብዬ መለስኩ። አገኘሁት፣ ሙሉ ነጥብ! አሁን ያቺን ነጥብ ሳስባት ራሴን በጥፊ ባጠናግረው ደስ ይለኛል።

ትርንጎ የምትባል የክርስትና ልጅ አለችኝ። ኮሌጅ የተማረችው ሒሳብ አያያዝ ነው። ሥራ አጥታ ስትንከራተት ቆይታ ዳባት ላይ ዘር የሚሸጥበትና ገበሬ የሚመከርበት ሱቅ ልክፈት አለች። ክፈቺ፤ ግን ፈቃድ ያለው ባለሙያ አምጪ ተባለች። ይኼኔ እናቷ፣ አበልጄ፣ አንድ ማሰሮ ማር ይዛ ቤቴ መጣች። የትርንጎን ዕድል አለቀሰችልኝ፣ የጥምቀቷን ቀን አስታወሰችኝ፣ በመጨረሻም “አስካሉዬ፣ ወረቀት ነው እንጂ ነፍስሽን ስጪ አላልንሽ” አለችኝ። አበልጅ ለምኖ ባዶ እጁን ይመለሳል? እኛ ዘንድ አይመለስም። ሰጠሁ።

ይሉኝታ ይዞኝ ነው ብል ደስ ባለኝ። ግን ውሸት ነው። ጉልበቴ አሞኝ ነበር፣ ቁልቁለት መውረድ ሰልችቶኝ ነበር፣ ፈቃዱ ላይ ያለው ፎቶዬ ዳባት ሱቅ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ገበሬ ሁሉ “አስካለ እኮ ናት” ሲል ደግሞ ልቤ ያብጥ ነበር። እኔ ነኝ የሰጠሁት። ማንም እጄን አልጠመዘዘኝም።

ዛሬ “ወረቀት ነው” የሚል ሰው ፊቴ ቢቆም ምን እንደማደርገው አላውቅም። ሐኪም ወረቀቱን ለጎረቤቱ አውሶ፣ ጎረቤቱ ሚስታችሁን ሊያዋልድ ቢመጣ ወረቀት ነው ትላላችሁ? አትሉም፤ በዱላ ታባርሩታላችሁ። ሰው ሲያመው ይጮኻል። መሬት አይጮኽም። ስለዚህ የመሬቱን ፈቃድ እንደ ጃንጥላ እንዋዋሰዋለን። ያ ሁሉ ዓመት ልምድ የሚጠየቀው እኮ ሰው ለማንገላታት አይደለም። የሽንኩርት ራስ ገልበጥ አድርጎ አይቶ “ይህን አትትከሉ” የሚል ዓይን በአንድ ክረምት ስለማይገኝ ነው። እኔ ያ ዓይን ነበረኝ። ዓይኔን ደባርቅ ቤቴ አስቀምጬ ፎቶዬን ዳባት ላክሁት።

አያ ቢተው ከዳባት ወጣ ባለች ቀበሌ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። የቀበሌዋን ስም አልጠራም፤ ብጠራው ነጋዴ ፊቱን ያዞርባታል፣ በበደል ላይ በደል ይሆንብኛል። ከወጣትነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። ነፍሰ ጡር ሆኜ መንገዱ ሲያቅተኝ በቅሏቸውን ጭነው ቤቴ ያደረሱኝ እሳቸው ናቸው። ትርንጎ ሱቁን በከፈተችበት ዓመት ልጃቸውን ገበየሁን ድረው ነበርና ከጓሮ ያለችውን ቁራጭ መሬት ጎጆ መውጫ ሰጡት። ገብስ ቢዘሩባት ባልና ሚስት አትቀልብም። ነጭ ሽንኩርት ግን ታኖራለች። በእኛ በኩል መሬት ያነሰው ሰው ቤት የሚያቆመው በነጭ ሽንኩርት ነው።

ዘር ሊገዙ ትርንጎ ሱቅ ገቡና ፎቶዬን ከግድግዳው ላይ አዩት። አስካለ አይታዋለች ወይ ብለው ጠየቁ። ትርንጎም የእሷ ፈቃድ እኮ ነው አለቻቸው። ሌላ ነገር አልጠየቁም። ያ ሽንኩርት ለዘር የተዘጋጀ አልነበረም፤ ትርንጎ ከሩቅ ገበያ ለወጥ የሚሸጠውን፣ ራሱ ወፈር ወፈር ያለውን መርጣ ያስጫነችው ነው። በሽታ እንዳለበት አላወቀችም። ከየት አባቷ ታውቀው? እንድታውቅ ያስተማራት የለም። እኔ ብቅ ብዬ ባየው ኖሮ አውቅ ነበር፤ ብቅ አላልኩም።

ዝናቡ ሊያባራ ሲል አያ ቢተው ደወሉልኝ። ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ይተኛል፣ ነይና እዪልን አሉ። በማግስቱ ሄድኩ። አንዷን ሳብ ባደርጋት ሳትታገል መጣች። ሥሯ አልቋል፤ ከታች ነጭ ሻጋታ ለብሳለች፤ በሻጋታው ውስጥ እንደ ጤፍ የደቀቁ ጥቁር ፍሬዎች ተዘርተውበታል። አንጀቴ ተላወሰ ብዬ አላታልላችሁም። መጀመሪያ የመጣልኝ ገበየሁ አልነበረም፣ ሙሽራይቱም አልነበረችም። መጀመሪያ የመጣልኝ “ፈቃዴ!” የሚል ነው።

በሽታውን አውቀዋለሁ። አበስባሽ ነው። እነዚያ ጥቁር ፍሬዎች አፈር ውስጥ ገብተው ይተኛሉ። ዛሬ ክርስትና የተነሣ ሕፃን አድጎ ወልዶ እስኪስም ይጠብቃሉ፤ ሽንኩርት ከተተከለ ይነቃሉ። ገበሬው የሚገዛው መድኃኒት የለውም። የሚቻለው እንዳይዛመት ማድረግ ብቻ ነው፤ ማሳው ውስጥ ሰው አይግባ፣ ከብት አይርገጠው፣ እዚያ የቆፈረ ዶማ ሌላ ማሳ አይቆፍር፣ ከዚያ ማሳ ዘር አይውጣ ማለት። ይህን መናገር ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ብናገር ግን ከየት መጣ ይሉኛል። ከዘሩ። ዘሩስ ከማን? ከትርንጎ። ትርንጎስ በማን ፈቃድ? መጨረሻው የእኔው ፎቶ ነው።

በዚያ ቀን ጎረቤት ሁሉ ለደቦ ተጠርቶ ነበር። የተረፈውን ቶሎ ነቅለው፣ መሬቱን ገልብጠው ለአዲሱ ጎጆ አንድ ነገር ሊያደርሱለት። ዶማቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ማሳው ዳር ቆመው እኔን ይጠብቃሉ። የተማርኩት እኔ ነኛ!

“እታለም፣ ምንድን ነው?” አሉኝ አያ ቢተው።

“ውርጭ ነው” አልኩ።

የነቀልኳትን ከእጄ ወስደው ሥሯን አገላብጠው አዩ። ደጋ ተወልደው ደጋ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ውርጭን እኔ አላስተማርኳቸውም። “ውርጭ እስከ ሥር ይወርዳል እንዴ?” አሉ።

የአየር ንብረቱ ተለውጧል፣ ይህ አዲስ ዓይነት ነው አልኳቸው። እንደ ባለሙያ አስረድቼ፣ ድምፄንም ረጋ አድርጌ። ዓይናቸው ያየውን በትምህርቴ አስካድኳቸው።

“አንቺ ካልሽ” አሉና ወደ ሰዎቹ ዞረው ግቡ አሏቸው።

ገቡ። እኔ እያየሁ ገቡ። ለምን ውርጭ እንዳልኩ ታውቃላችሁ? ውርጭ የእግዜር ነው። እግዜርን ፈቃድህን አሳየኝ የሚል ማን አለ? ሲነቅሉ፣ ሲቆፍሩ፣ ሲያዜሙ ዋሉ። አፈሩ በእግራቸው፣ በዶማቸው፣ በአህያው ኮቴ ተጣብቆ ወደየማሳቸው ሄደ። ጤና የሚመስለውን ራስ ደግሞ ገበየሁ መርጦ ለደከሙለት ሁሉ ለዘር አካፈላቸው። እኛ አገር ዘር አይከለከልም፤ ዘር የከለከለ በረከት ይነሣዋል ይባላል። በሽታውን የተሸከመው ደግነታቸው ነው። እኔስ ምን አደረግሁ? ጠላቸውን ጠጣሁ። መንገድ ድረስ አመስግነው ሸኙኝ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ደቦ የወጡት ሰዎች ሽንኩርት ሁሉ ቢጫ ሆነ። ሰውም ያ የአስካለ ውርጭ መጣ ይል ጀመር። የአስካለ ውርጭ! ሳያውቁ እውነቱን ይናገሩ ነበር። ከዚያ ቄሶቹ ምህላ አወጁ። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው፣ ሽማግሌዎች በጾም ላይ ጾም ጨምረው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ወጡ። እኔንም ባለሙያችን አትቅር ብለው ጠሩኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ሄድኩ። ከመሃላቸው ቆሜ “እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ” አልኩ። አያ ቢተው አጠገቤ ነበሩ፤ ድምፃቸው እስኪዘጋ ነው የጮኹት። እግዚአብሔር ያልላከውን ውርጭ አንሣልን ሲሉት ምን ብሎ ይሆን? እኔ ብሆን ጣቴን ወደዚያች ነጠላዋን ተከናንባ ወደቆመችው ሴትዮ እቀስር ነበር። እሱ ዝም አለ። ዝምታውን እንደ ምሕረት ቆጥሬ ቤቴ ገብቼ ተኛሁ። ቆይ፣ እንቅልፍ እንዴት ወሰደኝ?

ከዚያም የፈቃዱ ማደሻ ደረሰ። ለማደስ ያገለገልኩት ገበሬ ቀርቦ እንዲመሰክርልኝ ተጠየቅሁ። ማንን ብጠራ ጥሩ ነው? አያ ቢተውን! በእግራቸው ነው የመጡት። በውርጩ ጊዜ አብራን ቆማለች፣ ከምህላው እንኳ አልቀረችም ብለው መሰከሩልኝ። ታደሰልኝ። የተቀበለኝ ወጣት ጨብጦኝ እንደ እርስዎ ያለው ይብዛልን አለ። ይብዛልን! እኔ ከበዛሁማ አገሩ አለቀለት።

እዚህ ላይ ስንቱ ባለፈቃድ ወረቀቱን አከራይቶ ይኖራል፣ አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ የሚለኝ ይኖራል። ዝም በሉኝ። የሌላው ኃጢአት የእኔን አያጥብልኝም። ትርንጎም አሳሳተችኝ አልልም። ሱቋን ዘግታ ጎንደር ገብታለች፣ ልብስ ትሸጣለች፤ እሷም እስከ ዛሬ ውርጭ ይመስላታል። የእሷ ጥፋት አለማወቅ ነው። አላዋቂ ሰው ገበሬን እንዳይመክር ነበር ያ ሁሉ መስፈርት የወጣው። በሩን ከውስጥ ሆኜ የከፈትኩላት እኔ ነኝ። ፈቃዱን መስጠቴስ ይሁን፤ ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ነበረኝ፣ ዶማዎቹ ገና ትከሻ ላይ ሳሉ። ያን ቀን አንድ ማሳ ነበር የታመመው። ውርጭ ነው ስል ቀበሌ ሆነ።

የገበየሁ ጎጆም አልቆመም። ሚስቱን ከአባቱ ቤት አስቀምጦ ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወረደ። ክረምት መጥቶ ይሄዳል፣ እሱ አይመጣም። አያ ቢተው በደወሉልኝ ቁጥር ስለ እሱ ይነግሩኛል፤ እኔም እግዜር ያውቃል እላለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ትናንት ደግሞ ደወሉ። ደስታ ድምፃቸውን ልጅ አድርጎታል። ገበየሁ ተመልሷል። አማቱ ከወንዙ ማዶ ሽንኩርት ነክቷት የማታውቅ መሬት ሰጥተውታል። ጎረቤቱ ሁሉ ካለችው ላይ ዘር አዋጥቶለታል፤ ዘር አይከለከልማ። ደቦውም ለነገ ተጠርቷል። ይህን ሁሉ ነግረውኝ ሲያበቁ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“እታለም፣ ዘንድሮስ ውርጭ ይመጣ ይሆን?”

ያቺ ማዶ ያለች መሬት ንጹሕ ናት። ለገበየሁ የቀረችለት እሷ ብቻ ናት። እስክመጣ ድረስ ማንም ዶማ እንዳያነሣ፣ ዘሩም ማሳው እንዳይደርስ ብዬ ለመንኳቸው። ለምን አላሉኝም። አንቺ ከመጣሽልን ምን ጎደለብን አሉኝ።

ይህን የምጽፈው እዚያ ደርሼ እንዳልፈራ ነው። የታደሰውን ፈቃድ ከቤቴ ግድግዳ አውርጄ በፌስታል ጠቅልዬዋለሁ፤ ከዳባት ስመለስ ለሰጡኝ አስረክባለሁ፣ ለምን ሲሉኝም እነግራቸዋለሁ። መጀመሪያ ግን ነገ ማሳው ዳር እቆማለሁ። ያው ሰዎች፣ ያው ዶማ፣ ያው አያ ቢተው ይጠብቁኛል። ውርጭ አልነበረም እላቸዋለሁ። ከዘሩ የመጣ በሽታ ነው፤ ዘሩ በእኔ ስም ተሸጠ፤ እኔ አይቼ አውቄ ዋሸኋችሁ፤ ያን ሁሉ ምህላ በውሸት አስጮህኳችሁ እላለሁ።

ይቅር በሉኝ አልልም። ብላቸው ይሉኛላ! እኔ አውቃቸዋለሁ። አያ ቢተው “ተዪው እታለም፣ ከእግዜር የመጣ ነው” ይሉኛል። ከሁሉ የምፈራው ይህን ነው። ይህን ካሉኝ እንደገና እጮህባቸዋለሁ፦ ከእግዜር አልመጣም፣ አያ ቢተው። ከእኔ ነው የመጣው።