ተሳቢው የተፈታበት ዳገት

አርባ ምንጭ ስመደብ በከተማው ውስጥ የማውቀው አንድም ሰው አልነበረም። ያደግሁት ሰሜን ሸዋ ነው፤ የፊዚክስ መምህርት ነኝ። ሴቻ በሚባለው ላይኛው ሰፈር አንድ ክፍል ቤት ተከራይቼ እዚያው አቅራቢያ ባለ ትምህርት ቤት አሥራ አንደኛ ክፍል ይዣለሁ። ይህ የሆነው የኒውተንን ሕጎች ጨርሼ፣ ተያይዘው ስለሚሄዱ አካላት ማስተማር በጀመርኩበት ሳምንት ነው።

ሰሌዳው ላይ ትራክተርና ተሳቢ ሣልኩ። "ተሳቢውን ለብቻው ነጥላችሁ እዩት። ወደፊት የሚወስደው ከትራክተሩ ጋር የሚያገናኘው ብረት ብቻ ነው። እዚያ ብረት ላይ ያለውን ጉተታ ካገኛችሁ ሌላው ቀላል ነው" እያልኩ ስጽፍ ክፍሉ ጭጭ አለ። የኔ ክፍል እንዲያ ዝም ብሎ አያውቅም፤ ዞር አልኩ። ተማሪዎቹ የሚያዩት እኔን አልነበረም። መስኮቱ ሥር የተቀመጠችውን ልጅ ነበር። ጎበዝ ተማሪ ናት። አንገቷን ደፍታ የሣልኩትን ትገለብጣለች።

ነገሩን የነገረኝ በእረፍት ሰዓት አንድ ባልደረባዬ ነው። አባቷ የትራክተር ሹፌር ነው። ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ ወደ ሴቻ በሚያወጣው ዳገት አሸዋ የጫነ ተሳቢ እየጎተተ ሲወጣ ተሳቢው ተፈትቶ ቁልቁል ተንደረደረ። ፍሬን የለውም። መታጠፊያው ላይ ማንጎ የምትሸጥ ሴት ገደለ። ሟቿ ጎረቤታቸው ነበረች፤ እሑድ እሑድ ከልጅቷ እናት ጋር በአንድ ቸርች ትዘምር ነበር። እዚያ የነበሩ ሰዎች፣ ሹፌሩ ነዳጅ ሰጥቶ ሲያስጓራው ነው ማያያዣው የተበጠሰው ብለው መስክረዋል። ሽማግሌዎች ሁለቱን ቤተሰቦች አስታርቀዋል፤ የፍርድ ቤቱ ጉዳይ ግን ገና ነው። አባትየው በዋስ ወጥቶ ቤቱ ተቀምጧል።

በማግስቱ ልጅቷ የመምህራን ክፍል በር ላይ ጠበቀችኝ።

"ቲቸር፣ የትናንቱን ጥያቄ በአባዬ ትራክተር እንሥራው?"

"ምን እንድናገኝ ነው የፈለግሽው?"

"ነዳጅ ባይሰጥ ኖሮ አይበጠስም ነበር ወይ የሚለውን።"

ምን ብዬ እምቢ ልበላት? ደግሞም እውነቱን ለመናገር፣ የማስተምረው ነገር ለአንድ ሰው ሲጠቅም ማየት አምሮኝ ነበር።

ተቀምጠን ሠራነው። ተሳቢው ከነአሸዋው አምስት ሺህ ኪሎ ይሁን፣ ዳገቱም በየመቶ ሜትሩ ስምንት ሜትር ከፍ ይበል አልን። ዳገቱ ብቻውን ተሳቢውን ወደ ኋላ የሚስብበት ኃይል አራት ሺህ ኒውተን ሆነ። ለጎማውና ለመንገዱ አንድ ሺህ ጨመርን። ይህ አምስት ሺህ፣ ትራክተሩ ፍጥነቱን ሳይለውጥ ቀስ ብሎ ቢወጣም የማይቀር ነው። ነዳጅ ሲሰጥ የሚመጣውን የፍጥነት ጭማሪ ገምተን በተሳቢው ኪሎ ስናባዛው ሌላ አንድ ሺህ ወጣ።

"ከስድስቱ አንዱ ብቻ!" አለች፤ ፊቷ በራ። "አምስቱ የዳገቱና የጭነቱ ነው።"

"ማርሽ ሲቀየር ያለው ንጠቃ እዚህ ውስጥ አልገባም" አልኳት። "ደግሞ ደህና ብረት ከዚህ ብዙ እጥፍ ይችላል።"

የመጨረሻውን የሰማችኝ አይመስለኝም።

"ቤት መጥተው ለአባዬ ይንገሩት። እኔን አይሰማኝም።"

ቅዳሜ ከሰዓት ሄድኩ። አባትየው ግቢው ውስጥ ሙዙ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ትከሻው ሰፊ፣ እጁ ግዙፍ ሰው ነው። እናትየዋ የተቀቀለ ካሳቫ ልታቀርብ ጓዳ ገባች። አማርኛ ይችላል፤ ከአደጋው ወዲህ ግን ከቤተሰቡ ጋር እንኳ በጋሞኛም ቢሆን እምብዛም አይናገርም ብላኝ ነበር ልጅቷ።

ቀስ ብዬ አስረዳሁት። ጭነቱ ይህን ያህል ይጎትታል፣ ዳገቱ ይህን ያህል፣ ነዳጁ ይህን ያህል። ዓይኑን ሳይነቅል ሰማኝ።

"ቀስ ብዬ ብወጣም ያው ነበር?" አለኝ በአማርኛ።

"ልዩነቱ ትንሽ ነው። ብረቱ ደህና ቢሆን ሁለቱንም ይችል ነበር።"

"ደህና ቢሆን" ብሎ ደገመው።

ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሮ በጋሞኛ ረዘም አድርጎ ተናገረ። ከጓዳ የወጣችው እናት ሳህኑን እንደያዘች ደረቀች። ልጅቷ መሬት መሬት ታያለች።

"ምን አሉ?" አልኳት።

ቀስ ብላ ተረጎመችልኝ። "የአደጋው ዕለት ጠዋት የማያያዣውን ፒን አይቶት ነበር። መሀሉ ተበልቶ ቀጥኗል። ሌላ እስኪገኝ ይችላል ብሎ መልሶ ከተተው።"

እናትየዋ ሳህኑን አስቀምጣ ወደ እኔ መጣች። "እህቴ፣ ይህን አልሰማሽም" አለችኝ።

"ሰምታለች" አለ አባትየው። "እኔም ራሴን ሰምቻለሁ።"

ካሳቫውን ማንም አልነካው። ሸክም ላቀልለት ሄጄ ሌላ ጭኜበት እንደወጣሁ እያሰብኩ፣ ሚኒባስ በአጠገቤ ሲያልፍ እንኳ ሳልሳፈር በእግሬ ቤቴ ገባሁ።

በሳምንቱ አባትየው ሽማግሌዎቹን ራሱ አስጠራቸው፤ የሟች ባልም ባለበት ሁሉንም ተናገረ። ቀጥሎ ለፖሊስ ያንኑ ደገመ። የሟች ባል ግን ከሽማግሌዎቹ ፊት ተነሥቶ ሄዶ ነበር። ሽማግሌዎቹ ተከትለውት ቢሄዱ፣ "ልጆቼን የእግዜር ሥራ ነው፣ ይቅር በሉ ብዬ ነበር። አሁን ምን ልበላቸው?" አላቸው። እስከ ዛሬ ቤቱ ይመላለሳሉ። ያስገባቸዋል፣ ያስቀምጣቸዋል፤ ይቅርታውን ግን አላደሰም። አባትየው ተፈርዶበት ታሰረ።

ልጅቷ አንድም ቀን አልቀረችም። አንድ ቀን ተማሪዎቹ ከወጡ በኋላ፣ "ቲቸር፣ አጥፍተናል?" አለችኝ።

"አባትሽ የተናገረው እውነት ነው" አልኳት።

"እውነት መሆኑንማ አውቃለሁ" አለችና ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። የጠየቀችኝ ሌላ ነበር፤ እኔም ገብቶኝ ነበር።

እናቷን ከዚያ በኋላ ያገኘኋት ሲቀላ ገበያ ነው። ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ብታልፈኝ አልፈርድባትም፤ ግን ቆመች።

"ያን ቀን ባትመጪ ይሻለን ነበር" አለችኝ፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም። ዘንቢሏን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

"ልጄስ? ትምህርቷን እንዴት ይዛለች?"

"በርትታለች" አልኳት።

ራሷን ነቅንቃ ወደ ቲማቲም ሻጮቹ ሄደች።