የሀምዱ ጉልበትና የሲስተሯ ጥያቄ

ሀምዱ ኮምቦልቻ ገበያ አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ልብስ ይሰፋል። ከልጅነቱ ጀምሮ ደሙ በወጉ አይረጋም። ውጭ አንዲት ጠብታ ሳትታይ ውስጥ ለውስጥ ይፈስና ግራ ጉልበቱ ድፎ ዳቦ ያክላል። ያን ጊዜ የስፌት መኪናውን በአበባማ ጨርቅ ይሸፍናል፤ በሚኒባስ የሀረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥቶ ደሴ ሆስፒታል መርፌ ይወጋል። ሐኪሞቹ «ተኛ፣ እጅህን ዘርጋ፣ በቃ ሂድ» ይሉታል። ይህን ይወዳል። ለእሱ የሚያውቅ ሐኪም ማለት የሚያዝዝ ሐኪም ነው።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ግን ነገሩ ተለወጠ። ዶክተሩ ጉልበቱን ዳብሶ፣ እንዲህ እየደማ ከቀጠለ መታጠፍ ያቆማል፣ ፔዳል መርገጥም ይቀራል አለው። ከዚያ ሲስተር እስከዳር ወንበር ስባ አስቀመጠችው። ወንበሩን ጠረጠረ። ፈገግታዋን ደግሞ የባሰ ጠረጠረ።

«ጋሽ ሀምዱ፣ ከእንግዲህ ሳይደሙ በፊት የሚወሰድ መድኃኒት አለ። አንደኛው በደም ሥር ነው፤ በሳምንት ሁለቴ እዚህ ይመጣሉ። ሁለተኛው ከቆዳ ሥር ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ፣ ሲለምዱት እቤትዎ። እርስዎ የቱን ይፈልጋሉ?»

ሀምዱ አባቱን አስታወሰ። አባቱ በታመሙ ጊዜ ሐኪሙ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ በዚሁ በለሰለሰ ድምፅ «አባባ፣ ምን ይፈልጋሉ?» ብሏቸው ነበር። «ቤቴን» አሉ። ቤታቸው ገብተው ሳይሰነብቱ ቀበሯቸው።

«ላማክር» ብሎ ወጣ።

እቤት ሲደርስ ሚስቱ ፈትሂያ ምስር ትለቅማለች።

«ምን አሉህ?»

«ሳትደማ እንውጋህ፣ ምን ትፈልጋለህ አሉኝ።»

እጇ ሰፌዱ ላይ ቀረ። «እንደ አባባ?»

«እንደ አባባ።»

«ያ ረቢ! ሳትደማ እንውጋህ ያሉትስ ለምንድን ነው?»

«እሱንም እኔ እንጃ። ብቻ አንድ የደበቁኝ ነገር አለ።»

በማግስቱ ሀምዱ ያልተሰፉትን ጨርቆች በየባለቤታቸው ለያይቶ አሰረ። ከዚያ እያነከሰ አጠገቡ በርበሬ ወደምትሸጠው ወደ ቡዜ ሄደ።

«ቡዜ፣ የበደልኩሽ ካለ አፉ በይኝ።»

«ምን? ሐጅ ልትሄድ ነው እንዴ?»

«የባሰ ነው።» ሁሉንም ነገራት።

ቡዜ የበርበሬ እጇን በመቀነቷ ጠረገች። «ቀሚሴን አጣመህ ሰፍተህማ አፉ አልልህም። ግራ እጅጌው እስካሁን ወደ ኋላ ነው የሚያየው። ደግሞስ እኔ ጨርቅ ይዤ ስመጣ እጅጌው ሰፊ ይሁን ጠባብ ብለህ ትጠይቀኝ የለ? ልትገድለኝ ነበር?»

«አንቺ ነሻ የምትለብሺው! እኔ ምን...»

 ቡዜ ላንቃዋ እስኪታይ ሳቀችበት።

ዳግመኛ ሀረጎን ወጣ። አሁንም ግን አላመነም። ወንበሩን ትቶ እንደቆመ ጠየቀ።

«ሲስተር፣ ወላሂ በይኝና... ልሞት ነው?»

እስከዳር ደነገጠች። «ማን አለዎት?»

«ታዲያ ለምን ምን ትፈልጋለህ አልሽኝ?»

«ዳገቱን የሚመላለሱት እርስዎ፣ የሚወጉት እርስዎ! እኔ እንዴት ልምረጥልዎት?»

ሀምዱ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። «እሺ፤ የቆዳው ምን ይጎድለዋል? ደግ ደጉን ብቻ እንዳትነግሪኝ።»

ነገረችው። ክፉኛ ከወደቀ ወይም ከደማ እቤት መቀመጥ የለም፣ ወዲያው መምጣት አለበት። የተወጋበትም ቦታ ሊቀላ ይችላል። ጉድለቱን ስትዘረዝርለት ነው ፊቱ የተፈታው። መርፌውን አሳዪኝ አለ። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ ጫፉን አየ፤ እሱ ቁልፍ ከሚተክልበት መርፌ ይቀጥናል።

«የቆዳው ይሁንልኝ» አለ። «ሚስቴን ግን አታሠልጥኗት። መርፌ የምይዘው እኔ ነኝ።»

ጥር ላይ ቡዜ ያን ቀሚሷን ይዛ መጣች። «አልሞትክም አይደል? በል ይህን እጅጌ ፍታ።»

ሀምዱ እጅጌውን ፈትቶ አቃናና መኪናው ላይ ተቀመጠ። ግራ እግሩን ፔዳሉ ላይ አሳረፈ። አንዴ ረግጦ ቆመ፤ ጉልበቱን በመዳፉ ዳበሰ፤ አላበጠም፣ አልሞቀም። አሁንም አላመነውም። ቀስ ብሎ ደግሞ ረገጠ።

«አፉ ብዬሃለሁ፣ ቶሎ በል!» አለች ቡዜ።