ለኤልቪራ ያላደረስነው መልእክት

ልጅ እያለሁ በስደት በምንኖርበት ሰፈር፣ ላንግሊ ፓርክ፣ ከእኛ አፓርታማ በላይ ኤልቪራ የምትባል አርጀንቲናዊት ትኖር ነበር። ልብ ወለድ ትጽፋለች፤ ለፊልምም ትጽፋለች። እማዬ ይህ ሥራ መሆኑ ፈጽሞ አልገባትም። እንዴት ይግባት? ኤልቪራ የፊልሙን ንግግር ስትጽፍ ወንዱንም ሴቷንም ራሷ ሆና፣ ድምጿን እየለዋወጠች፣ ወለሉን እየረገጠች ትጫወተዋለች። እኛ ከታች ባልና ሚስት ሲጣሉ እንሰማለን። መጀመሪያ ሰሞን እማዬ ላገላግል ብላ ሁለት ጊዜ ሮጣ ወጥታለች።

በዚያው ተዋደዱ። ኤልቪራ ማቴ የሚሉትን ቅጠል ትንሽ ቅል ውስጥ በፍል ውሃ ትዘፈዝፍና በአንድ የብረት መምጠጫ ተራ በተራ ታጠጣናለች። እማዬ «ኧረ በስመ አብ፣ በአንድ አፍ!» አለች፤ ወሩ ሳያልቅ ግን ተራዋን የምትጠብቅ እሷ ሆነች። ከትምህርት ቤት ስመለስ ያ መራራ፣ እርጥብ ሣር የሚመስል ሽታ ደረጃው ላይ ይቀበለኛል። ሰፈሩ ሁሉ ስፓኒሽ ስለሚያወራ ገመድ ስዘል ስፓኒሽ ለምጄ ነበርና፣ ኤልቪራ የሴት ልጅ ንግግር ስትጽፍ እኔን ታስነብበኛለች። የፊልም ተዋናይ የሆንኩ መስሎኝ ስንቀባረር!

አገሯን የለቀቀችው ወታደሮች ሰው ከቤቱ ወስደው ደብዛውን በሚያጠፉበት ዘመን ነው። እዚያ የቀረችው ታናሽ እህቷ ኖራ ነበረች፤ የጻፈችው ሁሉ ስለ እሷ ነው። ኖራ ግን «ጓዳዬን አደባባይ አወጣሽው» ብላ አኩርፋ፣ ካናገረቻት ዓመታት አልፈዋል። ኤልቪራ ስሟን ስታነሳ አንገቷ ላይ ያለውን ሻርፕ ታጠብቀዋለች።

ጽሑፍ ከያዘች ስልኳን ነቅላ ነው የምትቀመጠው፤ አንዳንዴ ሳምንት። ለክፉ ቀን ብላ የእኛን ቁጥር ለዘመዶቿ ሰጥታ ነበር። አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ስልካችን ጮኸና አነሳሁ። የኖራ ልጅ ነበረች፣ ከቦነስ አይረስ። «እናቴ በጣም ታማለች፣ ኤልቪራን እየጠራች ነው፣ ዛሬውኑ ትደውል» አለችኝ። ምንም ሳልቀንስ ለእማዬ ነገርኳት። እማዬ ደረቷን መታች።

«ወይኔ! ሞታለች በያ።»

«አይ እማዬ፣ ታማለች ነው ያለችኝ።»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ? በጣም ታማለች ከተባለማ አበቃ!»

እናንተም ታውቁታላችሁ። የእኛ ሰው አባቱ ተቀብሮ ሳምንት ሲሆነው «ትንሽ አሟቸዋል» ነው የሚባለው። መርዶ ብቻዋን ለምትኖር ሴት በር ላይ ቆሞ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ የሚይዛት ኖሮ ነው። እማዬ የእናቷን ሞት ሱፐርማርኬት ውስጥ የዕቃ ካርት እየገፋች በስልክ ሰምታ እዚያው ወድቃለች፤ ይህን ለጠላቴም አልመኝም ትል ነበር። ስለዚህ ጎረቤት ከሥራ የሚያርፍበት እሑድ ይሁን ብላ ወሰነች። እኔንም አስማለችኝ። ዓርብ ስልኩ ደግሞ ሲጮኽ «የቀብሩን ሊነግሩ ነው፣ አታንሺ» አለችኝ። አላነሳሁም።

ቅዳሜ ኤልቪራ ላነብላት ጠራችኝ። የጻፈችው ሁለት እህቶች የሚታረቁበትን ክፍል ነበር። ታናሺቱን እኔ ሆንኩ። ጨርሰን እንዴት ነው ስትለኝ፣ አፌን ከፈትኩ፤ መሐላው ያዘኝ። «ጥሩ ነው» አልኳት። ምነው ያኔ ምላሴ በተፈታ!

እሑድ ጠዋት ከጎረቤቶች ጋር ሰባት ሆነን ወጣን። እማዬ አቅፋት ማልቀስ ስትጀምር ኤልቪራ ግራ ገብቷት ወደ እኔ ዞረች። ኖራ ሞታለች፣ ሐሙስ ተደውሎ ነበር አልኳት። ስልኩን ሰካች፤ ደወለች። ስታዳምጥ ከንፈሯ ነጣ።

ኖራ የሞተችው ቅዳሜ ማታ ነበር። ሐሙስ እና ዓርብ ስልኩን ትራሷ ላይ አስቀምጣ እህቷን ስትጠብቅ ነበር።

ኤልቪራ አልጮኸችም። «በሕይወት ነበረች?» እያለች እኔን፣ የአሥር ዓመቷን ልጅ፣ ደጋግማ ጠየቀችኝ። እማዬ እግሯ ላይ ወደቀች፤ አላነሳቻትም። በወሩ ቤቱን ለቃ ሄደች፤ የት እንደገባች አላወቅንም።

ዛሬ እማዬ እዚያው አካባቢ፣ ጀርመንታውን በሚባል ከተማ፣ ከእኔ ጋር ናት። ልጆቼ ሞትን በቴክስት ይሰማሉ፤ «ሶሪ ማም» ብለው ወደ ቪዲዮ ጌማቸው ይመለሳሉ። ያኔ ሰባት ሰው ደረጃ ሙሉ ሆኖ ለአንዲት ባዕድ ያለቅስ ነበር። ያን ደግነት እናፍቀዋለሁ፤ ሳስበው ደግሞ ያንገሸግሸኛል።

ባለፈው ዊንተር ከአዲስ አበባ ኮል አደረጉልን፤ የእማዬ ወንድም በጣም ታሟል። እማዬ ጥቁር ልብሷን ልታወጣ ተነሳች። እኔ ስልኩን ይዤ ደወልኩ። ራሱ አነሳ። ድምፁ ደክሟል፣ ግን እሱ ነው። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረግኩላት፤ ትንሽ አወሩ፤ ይቅር ተባባሉ። ስትጨርስ ደስ ብሏታል ብዬ አየኋት። ፊቷ አመድ ነው።

«ይኼን ነው የቀማኋት» አለች።