ዶን ቴርቪል የሰረቋት ፍየል

እኛ ባቴይ ውስጥ፣ ማለቴ እዚህ የሸንኮራ ቆራጮች ሰፈር፣ ዶን ቴርቪልን የማይፈራ የለም። በወጣትነታቸው ከሄይቲ ድንበር ተሻግረው መጥተው እዚሁ ዶሚኒካን ውስጥ ጀርባቸው እስኪጎብጥ ሸንኮራ ቆረጡ። እሑድ እሑድ ደግሞ ጸሎት ቤታችን ፊት ቆመው «አትስረቅ!» እያሉ ይጮሁብናል። ልጅ ሆኜ ከኩባንያው ማሳ አንዲት አገዳ ሰብሬ ስመጥጥ አግኝተውኝ ጆሮዬን እንዴት እንዳሹኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ጻድቅ ሰው ናቸው፤ ጽድቃቸው ግን ያንገሸግሻል።

ልጃቸው ኤውፌሚያ እዚሁ ባቴይ ተወለደች፤ እሷም ዳሪሳን እዚሁ ወለደች። ዳሪሳ አንጎል ያላት ልጅ ናት። ዘንድሮ የመጨረሻውን የትምህርት ቤት ፈተና ልትፈተን ስትል የልደት ወረቀት አምጪ አሏት። ወረቀት ከሌለ ፈተና የለም፤ ፈተና ከሌለ ደግሞ ዕድሜ ልክ ከተማ ወርዶ የሰው ወለል መወልወል ነው።

ከኤውፌሚያ ጋር መዝገብ ቤት ሄድኩ። ጸሐፊዋ ሴኞራ ብሪሂዳ የተጠበሰ ሙዟን ገፋ አድርጋ ሕገ መንግሥቱን ገለጠች።

«እዚህ አገር የተወለደ ሁሉ ዜጋ ነው ይላል።»

«እሰይ!» አለች ኤውፌሚያ።

«ቆይ እንጂ፣ ምን አጣደፈሽ? ከመንገደኛ ልጅ በቀር ይላል። መንገደኛ አላፊ ነው፣ በሕጋችን ሥልጣን ሥር አይደለም። አንቺ ስትወለጂ አባትሽ መንገደኛ ነበር። አንቺ ዜጋ ካልሆንሽ ልጅሽም አይደለችም።»

«ያኔ እኮ እዚህ ከመጣ ስምንት ዓመቱ ነበር! የትኛው መንገደኛ ነው ስምንት ዓመት የሚያርፈው?»

«እሱን እኔ ምን አውቄ፣ ሂጂና ጠይቂው።»

በግኜ ልሞት! ሰውየው ገጀራቸውን ይዘው ጎህ ሲቀድ ማሳ ሲገቡ አንድም ቀን መንገደኛ ነህ፣ እለፍ ያላቸው የለም።

ዶን ቴርቪልን ከዶሚኖ ጨዋታቸው ላይ አግኝተን ነገርናቸው። ተነስተው ቤት ገቡና ከመዝሙር መጽሐፋቸው ልባስ ውስጥ ቢጫ ወረቀት አወጡ። ማንበብ አይችሉም፤ ግን ምን እንደሚል በደንብ ያውቃሉ።

«ነገ እኔም እሄዳለሁ» አሉ።

«ምንድነው እሱ አባዬ?»

«ነገ ትሰሚያለሽ። ዛሬ ተይኝ፣ ልፈርበት።»

በማግሥቱ የእሑድ ኮታቸውን ለብሰው መጡ። መዝገብ ቤቱ በሰው ጢም ብሏል፣ ግማሹ የእኛው ሰፈር ሰው ነው። ልክ እንደ ስብከት ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ኤውፌሚያ በተወለደች በሳምንቷ የማሳውን አለቃ ፍየል ሰረቅሁ» አሉ። «እናቷ ደም ፈስሷት ተኝታ ነበር። ሾርባ ፈልጌ ነው።»

ሰልፉ በሙሉ አፉን ከፈተ። እኔማ ጆሮዬ ትዝ አለኝና ደሜ ፈላ።

«ያዙኝ። ዳኛው ፊት 'ጌታዬ፣ እኔ መንገደኛ ነኝ፤ ሕጋችሁ እኔን አይመለከተኝም፤ ልቀቁኝ' አልኩ። እሳቸውም ይሄን ጻፉ።»

ሴኞራ ብሪሂዳ ወረቀቱን ተቀብላ ጮክ ብላ አነበበች፤ ምን ነክቷት እንዳነበበችው እንጃ። «ተከሳሹ መንገደኛ ነኝ ማለቱ ሐሰት ነው። የዚህ ወረዳ ነዋሪ ስለሆነ በአገሪቱ ሕግ ሥልጣን ሥር ነው። ሦስት ወር ይታሰር።» ከሥሩ ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ ምን የሌለው አለ!

አለቃዋ ተጠሩ። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አነሱት፣ ገለበጡት፣ ላባቸውን ጠረጉ።

«ዳኛው ተሳስተው ይሆናል» አሉ።

«እንግዲያው የታሰርኩበትን ሦስት ወር መልሱልኝ» አሉ ዶን ቴርቪል። «ልጄ መጀመሪያ የሳቀችው እኔ ታስሬ ሳለ ነው። ሕጉ እኔን ካልያዘኝ ማን ነበር ያሰረኝ?»

አለቃዋ ወረቀቱን አጥፈው መለሱላቸውና ሴኞራ ብሪሂዳን «መዝግቢያቸው» አሏት። የዳሪሳ ወረቀት በዚያው ሳምንት ወጣ። ኤውፌሚያ አባቷን አይታ የማታውቅ ይመስል እዚያው አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ዳሪሳም ተፈተነች፤ አለፈች።

ከዚያ ወዲያ የሰፈራችንን ጉድ ማን አይቶት! ሁሉም አባቱን ያፋጥጥ ጀመር። «አባባ፣ እስቲ አስታውስ፤ ሰክረህ አንድ ሰው እንኳ አልፈነከትክም?» ምንም የማያውቁ ምስኪን ሽማግሌዎች ያልሠሩትን ወንጀል ሲናዘዙ ዋሉ። ማስረጃ የሌለው ወንጀል ደግሞ ለመዝገብ ቤቱ ምን ይፈይዳል?

እኔም የሟቹን አባቴን ስም ይዤ ሦስት ፖሊስ ጣቢያ ዞርኩ። እዚሁ ተወልጄ፣ ሁለት ልጆች ወልጄ፣ ሦስታችንም ወረቀት የለንም። መዝገብ አስገለጥኩ። አንዲት ዶሮ እንኳ! አንዲት ስድብ እንኳ! ሠላሳ ስድስት ዓመት ሸንኮራ ሲቆርጥ ኖሮ የማንንም ነገር ሳይነካ ሞተ።

«እንግዲህ አባትሽ መንገደኛ ነበር ማለት ነው» አለችኝ ሴኞራ ብሪሂዳ።

ባለፈው እሑድ መቃብሩ ድረስ ሄጄ ተቆጣሁት። አፈሩ ላይ ቁጭ ብዬ፣ አባዬ፣ ልጁን የሚወድ ሰው አንዲት ፍየል አይሰርቅም ወይ አልኩት።