አበረ ኮምፒውተር ተሸክሞ ደምበጫ የሄደ ዕለት

አበረን የማያውቅ የማርቆስ ሰው ካለ፣ በዕድሜው ኮፒ አስደርጎ አያውቅም ማለት ነው። ከመናኸሪያው ጀርባ፣ «ፈጣን ኮፒና ጽሕፈት» የሚል ታፔላ በተሰቀለባት ጠባብ ቤት ውስጥ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ሃምሳ የተጠጋው ሰውዬ ካያችሁ እሱ ነው። ፈጣን ያለው ታፔላው ዋሽቶ ነው። ማሽኑ እስኪሞቅ ድረስ «ያኔ እኮ…» ብሎ ከጀመረማ፣ መታወቂያችሁን ጥላችሁ መሄድ ነው የሚያዋጣችሁ።

«ያኔ» የሚለው የሊኑክስን ዘመን ነው። ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተር የሚያስነሳና የሚያዝ ሶፍትዌር ነው፤ ልዩነቱ ጌታ የለውም። ዓለም ላይ የተበተኑ ሰዎች በነፃ ጽፈው፣ የፈለገ ውስጡን ከፍቶ እንዲያየው፣ እንዲያበላሸው፣ ለጎረቤቱም እንዲያድለው የለቀቁት ነገር ነው። አበረ ደግሞ ከቁይ ወዲያ ካለች ቀበሌ መጥቶ፣ በታይፕ ጽሕፈት በማዕረግ ተመርቆ፣ ልክ ታይፕ ከምድር ሲጠፋ ሥራ የጀመረ ዕድለኛ ነው። እንጀራውን የቀማችውን ኮምፒውተር ሊበቀል ቢቀርባት ወደዳት።

በሚሌኒየሙ ሰሞን ከውጭ አገር ለጠየቀ ሁሉ የሊኑክስ ሲዲ በፖስታ ይላክ ነበር፤ በነፃ! አበረ ጠየቀ። ሚንሃጅ የሚባለው የሬዲዮና የካሴት ነጋዴም ጠየቀ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ይታያል ጠየቀ፤ ቀጭን፣ ክርክር የሚወድ፣ ሐሰት መናገር የማያውቅበት የሒሳብ አስተማሪ። ፖስታ ቤት ይሠሩ የነበሩት ጋሽ ውበቱ ጥቅሉን ያስረክቧቸው የነበረው በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ነው።

«ልጆቼ፣ ይኼ አዲስ ሃይማኖት ነው አይደል?»

«ኧረ ጋሼ፣ የኮምፒውተር ነው!»

«ከባሕር ማዶ በነፃ የሚላክ፣ ሽፋኑ ላይ ሰዎች ተቃቅፈው የሚስቁበት ነገር ሃይማኖት ካልሆነ ምንድን ነው?»

ጋሽ ውበቱ ብዙም አልተሳሳቱም። ሦስቱ ማኅበር አቋቋሙ። እንደ ማንኛውም ማኅበር በየወሩ በየተራ ይደግሳሉ፤ ዳቦው ይቆረሳል፣ ሲዲው ከተረኛው ወደ ቀጣዩ ተረኛ ይተላለፋል። የማኅበሩ ማሽን ከየቦታው በተለቃቀመ ዕቃ የተገጣጠመች፣ ስትቀሰቀስ የምታጓራ፣ ለመነሳት የምትለግም ጥቁር ሣጥን ነበረች፤ ስሟን «እሜቴ» አሏት። በእሜቴ ላይ የተሰረቀ ሶፍትዌር ላይጫን ሁለቱ በደብሩ ታቦት፣ ሚንሃጅ በአላህ ማሉ። መሐላውን ያረቀቀውም፣ የእሜቴን የይለፍ ቃል ያወጣውም ይታያል ነው።

ከዚያ ይታያል አገባ፤ የሠርጉን ቪዲዮ አቀናብሬ የምሰጠው እኔ ነኝ ብሎ አበረ ፎከረ። እናንተዬ፣ የዚያን ጊዜው ነፃ የቪዲዮ ሶፍትዌር! ሙሽራዋ ከመኪና አንድ እግሯን ስታወጣ ደርቆ ይቀራል። እንደገና ሲያስነሱት ያው እግር፣ ያው መኪና። ቤተ ዘመዱ «የታለ?» ይላል። በመጨረሻ አበረ በሩን ዘጋና፣ ከጎረቤት ሙዚቃ ቤት የተሰረቀ ማቀናበሪያ ለምኖ፣ ዊንዶውስም አብሮ፣ እሜቴ ላይ ጫነ። ቪዲዮው አለቀ። አበረ ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ ያፈጠጠ ሰው ነውና ደክሞት የተቀዳውን ሳያየው ላከ።

አማቾች፣ የነፍስ አባት፣ ሚዜዎች ቴሌቪዥን ፊት ተሰበሰቡ። ቪዲዮው ተከፈተ፤ ከስክሪኑ ጥግ እስከ ጥግ በቀይ እንግሊዝኛ «ያልተመዘገበ ቅጂ» የሚል ተጋድሟል። በሙሽራዋ ግንባር ላይ፣ በኬኩ ላይ፣ በአማቱ ካባ ላይ፤ የነፍስ አባት ለቡራኬ መስቀል ሲያነሱ በመስቀሉ ላይ።

«ልጄ፣ ምን ይላል ጽሑፉ?» አሉ የሙሽራዋ እናት።

«ሌባ ነው ይላል» አለ ይታያል።

«ማን?»

«አበረ።»

በቃ። ሲዲውን ለሚንሃጅ መለሰ፤ ብዙም ሳይቆይ ማስተማሩን ትቶ ደምበጫ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ ከፈተ። አበረን አላናገረውም። የሙሽራዋ እናትም እስከ ዛሬ ገበያ ላይ አበረን ካዩ ቦርሳቸውን ወደ ጡታቸው ይስባሉ።

ዘንድሮ ሚንሃጅ ነገር ቀሰቀሰ። አሁን ሞባይል ነው የሚሸጠው። «እናንተ ስታወሩ ሊኑክስን ለጎጃም ያዳረስኩት እኔ ነኝ፤ በየገበሬው ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ሆዱ ሊኑክስ ነው» እያለ ይኮራል። የጥንት ሊኑክሰኞች የሚገናኙበት የቴሌግራም ግሩፕ አላቸው፤ ሥራው በመከራ መፎካከር ነው። አንዱ «አንድ ፕሮግራም ለማውረድ ከጉንደ ወይን ማርቆስ እመላለስ ነበር» ሲል፣ ሌላው «አንተ መብራት ነበረህ!» ይለዋል። እዚያ ላይ ሚንሃጅ አሮጌ ፎቶ ለጠፈ፤ ሦስቱ ጎረምሶች በእሜቴ ዙሪያ፣ ይታያል ጥቅሻ ሲጠቅስ። አበረ ከዚያ በኋላ ኮፒው ሁሉ እየተጣመመ ወጣበት። ሌላ ምንም አልፈለገም፤ ይታያልን ፈለገ። ይህን ሁሉ «ያኔ» ለሚያውቀው ሰው ሳያወራው መሞት አልሆንልህ አለው።

«ሂድና ይቅርታ ጠይቀዋ» አለችው ባለቤቱ ሥራነሽ።

«ልኬበታለሁ እኮ። የእሜቴ የይለፍ ቃል አንተ ጋ ስለሆነ መጥተህ ክፈትልን ብዬ።»

«እሱ ይቅርታ ነው?»

«በእኛ ሙያ፣ አዎ።»

የይታያል መልስ በሚንሃጅ በኩል መጣ፦ «መክፈቻውን ያውቃል። አያሹፍብኝ።» እውነቱን ነው። ማሽኑ ፊት የተቀመጠ ሰው የሊኑክስን የይለፍ ቃል ውኃ ጠጥቶ ሳይጨርስ ይቀይረዋል፤ አበረ ይህን ለስንቱ አስተምሯል! አሁን ግን ሽማግሌ ግድ ሆነ። ጋሽ ውበቱ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የማያስታርቁት ሰው የለምና አበረና ሚንሃጅ ነገሩን አቀረቡላቸው።

«ሠርጉን ሠራህለት?»

«አዎ ጋሼ።»

«በነፃ?»

«በነፃ።»

«ምኑን ሰረቅከው ታዲያ?»

«ከእሱ አይደለም፤ ከአሜሪካኖች ነው።»

«እንግዲያ አሜሪካ ሄደህ እግራቸው ላይ ውደቅ እንጂ እኛን ምን ታደክመናለህ!» ካሉ በኋላ አሰብ አደረጉና፣ «መሐላ ማፍረስህ ግን ጥፋት ነው። ድንጋይ ተሸክመህ ትሄዳለህ» ብለው ፈረዱ።

ሚንሃጅ ሳቀ። «ጋሼ፣ ድንጋይ ምን ያደርጋል? እሜቴ ከድንጋይ ታንሳለች?»

መንገዱ ሰላም በሆነ ቅዳሜ አበረ፣ ሚንሃጅና ጋሽ ውበቱ ሚኒባስ ተሳፈሩ። አበረ እሜቴን እንደ ሕፃን ታቅፏታል። «ፋዘር፣ ዕቃው ጣራ ላይ ይውጣ» አለ ረዳቱ። «አንተ ውጣ!» አለው አበረ።

የይታያል ሱቅ በር ላይ ሲደርሱ አበረ ነጠላውን አጣፍቶ፣ እሜቴን ማጅራቱ ላይ ጭኖ፣ አጎንብሶ ቆመ። ገበያተኛው ከበበ።

«ሌባ ተይዞ ነው?»

«ኧረ የተበላሸ ዕቃ ሊመልስ ነው!»

ይታያል ወጣ። ሸብቷል፣ ወፍሯል፤ ክንዱን አጣምሮ ቆመ።

«ስለ እግዜር ብለህ ይቅር በለው» አሉ ጋሽ ውበቱ።

«እርስዎን አከብራለሁ ጋሼ። ይኼን ሰውዬ ግን አላውቀውም።»

«ስለ ማርያም ብለህ።»

ይታያል ፊቱን በሩ ላይ ወዳለው የሚስማር ካርቶን አዞረ። የአበረ ላብ ሲንጠባጠብ እጁ አዳለጠውና እሜቴ ወደ ጎን ሸርተት አለች፤ ክዳኗ ድሮም ብሎን የለውም፣ ኳ ብሎ ተከፈተ።

«ዲስኩ!» ብሎ ጮኸ ይታያል። «ዲስኩን ያዘው! አንተ ደደብ፣ በጎኗ አትያዛት አላልኩህም!» የሚስማሩን ካርቶን ዘሎ እሜቴን አቀፋት፤ የአበረ አንገት ሥሯ ስለነበረ እሱም አብሮ ታቀፈ።

ጋሽ ውበቱ ጊዜ አላባከኑም። «ተቃቅፈዋል! አይታችኋል! አለቀ!» ብለው መርቀው ውስጥ ገብተው የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጡ።

ይታያል አበረን አላየውም፤ እሜቴን ነበር የሚያየው። አቧራዋን እፍ አለ፣ ሽቦዋን ነካካ፣ ከጓዳ ሞኒተር አምጥቶ ሰካ። አጓራች። ሦስቱም እኩል «እሰይ!» አሉ። የይለፍ ቃል ጠየቀች። ይታያል እጅጌውን ሰብስቦ መታ። አይደለም አለችው። መታ። አይደለም።

«ረሳኸው እንዴ?» አለ አበረ፣ ቀስ ብሎ።

«እኔ አልረሳሁም፤ ጣቴ ነው የረሳው።»

«የዚያችን የባንኳን ልጅ ስም ሞክር።»

ይታያል ሚስቱ ካለችበት ወደ ጓዳ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መጀመሪያ የሞከርኩት እሱን ነው።»

«ለምን አትቀይሩትም?» አለ ሚንሃጅ። «ሁለታችሁም ታውቁበታላችሁ።»

«ዝም በል!» አሉት ሁለቱ ባንድ አፍ።

ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ሞከሩ። የአህያ ስም፣ የዳይሬክተር ስድብ፣ የአንዲት የጫማ ማርክ፤ እያንዳንዱ ሙከራ ወሬ አለው፣ ወሬው ሳቅ አለው። ሚስማር ሊገዛ የመጣ ሁሉ «ነገ ና» ተባለ። የመጨረሻው ሚኒባስ ጥሩምባ ሲነፋ እሜቴ አልተከፈተችም ነበር።

«እዚሁ ትደር» አለ አበረ። «ብቻህን ግን እንዳትነካት።»

«ማን ይነካታል!»

ሚኒባሱ ገና ከደምበጫ ሳይወጣ የአበረ ስልክ ጮኸ።

«ስማ፣ የልጅህን ስም ሞክሬ…»

«አንተ ውሸታም! አትንካት አላልኩህም?»

«ጣቴ ነው!»

«ጣትህን ቁረጠው! ቅዳሜ እስክመጣ ቁልፍ ሰሌዳውን ነቅለህ ለሚስትህ ስጣት!»

ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየው። አበረ ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሐል ወትፎ፣ እስከ ማርቆስ መግቢያ ድረስ እየጮኸ ተጨቃጨቀ።